ቀድሞ የተለቀመ ሐዘን

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ የማተሚያ መኪናው ጣቴን ይብላው፤ ከሆነው ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

አገር ያወቀው የማተሚያ ቤታችን ፊደል ለቃሚ፣ የብረት ፊደል እየለቀመ ለኅትመት የሚደረድረው ሰው፣ ያን ጠዋት መቀመጥ አቃተው። እህቱ አርፋለች፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሐዘን ካርዱ ግን ገና አልታተመም። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፍ የሚለቅም፣ ሲያስነጥስ መኪናው የሚነሳለት ጉድ ነው። ለሐዘን ግን መልቀምም አያሻው። ቃሉ ሁሉ ባንድነት የተቀረጸበት የእርሳስ ብረት ሰሌዳ አለው፦ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ የነበሩት…» ስሙ ብቻ ይቀየራል። እሱን ይዞ ሲጣደፍ መምህርት ከሆነችው የሟቿ ልጅ ጋር በሩ ላይ ተላተመ።

«ጋሼ፣ እናቴን በዚህ አይቅበሯት» አለችው።

በዚህ ከተሸኘው ሁሉ ቅር ብሎት የተመለሰ አንድም የለም ሲል ተከራከረ። እየተንጎራደደ፣ ቀለም የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

እሷም በትሕትና አስረዳችው። «ሰሌዳውን እናንተ አታሚዎች ክሊሼ ትሉታላችሁ፤ ቃሉ የፈረንሳይ አታሚዎች ነው፤ ቅርጹ የቀለጠ ብረት ላይ ሲያርፍ ከሚያሰማው ድምፅ ወጣ ይባላል። ኋላ ሰው ሳያስብ ለሚደጋግመው የተሰለቸ አነጋገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ» አለችው።

«ስሙ ከእኛ ሙያ ከወጣማ ክብር ነው እንጂ ምን ነውር አለው?»

«የድሮው ቤት አከራያችን እናቴን ከነዕቃዋ ዝናብ ላይ ያወጣት ሰው ነው። ሲሞት በዚሁ ሰሌዳ ሩኅሩኅ አሉት። ዛሬ እሷን ከእሱ በምን ሊለዩልኝ ነው?»

ሰሌዳውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳ፤ ደግሞ አስቀመጠ። እውነት ነው፣ የእያንዳንዱ ሰው ሞት አዲስ ነው፤ ቃሉ ስለምን አሮጌ ይሆናል?

«በይ እሺ፣ ንገሪኝ ልልቀም» አላት በመጨረሻ።

«ከሬዲዮ ጋር ስትከራከር ጎረቤት ጠበኛ ሊገላግል ይሮጥ ነበር» ተብሎ ታተመ። ለቀስተኛው እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሐዘን ካርድ ይነበብ ጀመር፣ ማራገቢያ መሆኑ ቀረ፤ ሙሽሮችም ለሠርግ ካርዳቸው የራሳቸውን ቃል ይዘው መጡ፤ ሰልፉ መንገድ ዘጋ።

ይህን ሳወራ ጥግ ላይ ወረቀት ስታጥፍ የነበረችው የማተሚያ ቤታችን ጠራዥ ቀና አለች።

«ካርዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ረጋ ብላ። «ክርክር አልነበረም። ያን ጠዋት ስገባ ለቃሚው ሰሌዳውን አቅልጦት አገኘሁት። እስከ ቀትር ፊደል ሲለቅም፣ ሲያፈርስ፣ ሲለቅም ዋለ። አንድ መስመር አልወጣለትም። ያተምነው የእህቱን ስም ብቻ ነው።»