አረም ብለን የጣልነው አጃ

ክቡር ዶክተር ፊንሌይ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ምሳ አዘጋጅታችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም እንዲሁ። በዚህ የዘር ምርምር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ ሰዓት የተሰጠኝ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሥራ ስፈታ ነው።

መሳቅ ካለባችሁ አሁን ሳቁ። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ ነገር የለኝም።

ተናድጃለሁ። ሰኞ የዘር ማቀዝቀዣ ክፍላችን ይዘጋል። የምዕራብ ስኮትላንድ ደሴቶች ገበሬዎች አደራ የሰጡን ትንሹ ጥቁር አጃ ለዶሮ ይሰጥ ተብሏል። ለምን ስል ኃላፊያችን ዶክተር ፊንሌይ ምን አሉኝ? "ወይዘሮ ኢሸበል፣ ይሄ እኮ ዝርያ አይደለም፤ ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። የትኛው መዝገብ ላስገባው?"

ንግግሩን አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሶርሊ የሚባል የዩስት ደሴት ገበሬ እስከ ዘር ወቅት እንድናቆይለት አንድ ከረጢት ዘር አመጣልን። ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብዬ ለቀምኩት። ገብሱን ለየሁ፤ ከአጃውም ደቃቃውንና ጠቆር ያለውን ጣልኩ። ሊወስደው ሲመጣ በኩራት አሳየሁት።

"የቀረውስ?"

"አጸዳሁት።"

"አንቺ ልጅ! እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የዘራችውን? ዝናብ ሲበዛ የሚቆመው አንዱ ነው፣ ሲደርቅ ሌላው። የሚመጣው ዓመት የትኛው እንደሆነ ማን ነገረሽ?"

ሌላ ዘር አልነበረውምና ያንኑ ዘራ። ዓመቱ ደረቅ ሆነ። በብርዱ ወራት ለከብቶቹ የሚሰጠው አጥቶ አንድ በአንድ ሸጣቸው። እህቱ ኤፊ ያልተነካውን ዘር ስለነበራት ከእሷ ለምኜ አስቀመጥኩ። ኤፊ ሞታለች። ሰኞ ለዶሮ ይሰጥ የተባለው የእሷ ዘር ነው፤ የቀረውም እሱ ብቻ ነው።

ለመሆኑ አጃ ራሱ ማን ነበር? በሩቅ አገር ስንዴና ገብስ መካከል ተደብቆ የመጣ አረም! ስንዴው ብርዳችንን ሲፈራ እሱ ቆመ። እኛን ስኮትላንዳውያንን አበላ፣ ፈረሶቻችንንም አበላ። ዛሬ በየማሳው የምንዘራው ትልቁ አጃ ከሦስት የዱር ዘመዶች የተወለደ ነው፤ ዋግ ሲመታው መድኃኒት የምንፈልግለት ከእነዚያው ዘንድ ነው። በዩስት የዛጎል አሸዋ ላይ ትልቁ ገርጥቶ ሲቀር ትንሹ ጥቁሩ ያፈራል። ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት የበሉት ገንፎ የአረም ልጅ ነው። የጥንቱ ገበሬ እንደ እኛ ጽዳት ቢወድ ኖሮ ምን ይበሉ ነበር?

ስለ ዶሮዎቹ አትጨነቁ። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ዘሩን ባለፈው ቅዳሜ በጀልባ ወደ ዩስት ወሰድኩት። ግማሹ በሶርሊ ልጅ ጎተራ ነው፤ ግማሹን አብረን ለማዳበሪያ የባሕር ሣር ባለበስነው አሸዋ ላይ ዘራነው። አንዲት ፍሬ ለቅሜ አልጣልኩም። የሚከሰኝ ካለ ቤቴን ያውቃል።

ሰዓቱንም እወስደዋለሁ፤ በመስከረም አጨዳ አለብኝ።

ጤና ይስጣችሁ፣ ማሳችሁ አይራቆት። እግዜር አንድ ዓይነት አያድርጋችሁ። ደረቁ ዓመት ሲመጣም ከመካከላችሁ የሚቆም አይታጣ።