መስኮት የሌለው የአየለ ቤት

ይኼን ስነግራችሁ ወንድሜ አየለ እንዳይሰማ። ከወገራ ወደ መተማ ሲወርድ የወገራን ብርድ በሐሳቡ ተሸክሞ የመጣ ነው የሚመስለኝ። የሠራው የድንጋይ ቤት በር እንጂ መስኮት የለውም። ጣሊያን አገሩን ይዞ ነበርና፣ "ወታደር አጮልቆ እንዳያየን ነው" ይላል። በሚያዝያ ሐሩር ሚስቱ ወለደች። እሱም እንደ ደጋ ወጉ በሩን ዘግቶ በጋቢ ጠቀለላት። በሦስተኛው ቀን ስገባ ሕፃኑ ገላው ሽፍ ብሎ፣ ጡት አልይዝ ብሎ ያቃስታል።

"ግድግዳውን ብሳው" አልሁት።

"እታለም፣ አራስ እኮ ብርድ ይመታታል።"

"መተማ ላይ ብርድ ካገኘህ ለእኔም አምጣልኝ፣ በቅል እጠጣዋለሁ። እስቲ አንተ ለአንድ አፍታ አራስ ሁን።"

እናትና ልጁን ዛፍ ጥላ ሥር አወጣሁና እሱን አልጋው ላይ በጋቢ ጠቅልዬ በሩን ዘጋሁበት። ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ዶማ ይዞ ደጅ ቆሟል።

"የቱ ጋ ልክፈት?" አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

"ከጣራው ሥር፣ ፊትና ኋላ ትይዩ አድርገህ። እዚያ የወታደር ዓይን አይደርስም፤ ሙቀቱ ግን ሽቅብ መውጣት ያውቅበታል።"

በሁለቱም በኩል ድንጋይ ሲያወጣ ነፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጁ ጡት ያዘ፤ እኔም ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥሁት።

አሁን አየለ የወጡትን ድንጋዮች በር ላይ መቀመጫ አድርጓቸዋል። እዚያ ለተቀመጠ እንግዳ ሁሉ "የነፋሱን መግቢያ እኔ ነኝ ያሰብሁት" ይላል። ይበል ተዉት፤ ልጁ ጡት ይዞልኛል።