ሲስተርን መከተል

ከቱላ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ከፊቴ ካሉ እናት አጠገብ ተቀመጠች።

«ዶክተር ነሽ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ገና አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ነርስ መሆን ስለምፈልግ ክረምቱን ጤና ጣቢያ በነጻ አገለግላለሁ። ሲስተርን እየተከተልኩ ሥራ አያለሁ።»

«ጎበዝ። መርፌ መውጋት ቻልሽ?»

«ገና ነው።»

«ግፊት መለካትስ?»

«እሱም ጋ አልደረስኩም። ሲስተር ስብሰባ ይበዛባታል።»

«አንቺስ ያኔ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተከተያት ተብያለሁ፣ እከተላታለኋ። ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ትናንትም ስብሰባ ነበራችሁ?»

«ጠዋቱን ሙሉ። የታካሚ አያያዛችንን ገመገምን። ጥሩ ነው ተባለ።»

«ከዚያ አጨበጨባችሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ደጅ አግዳሚው ላይ ነበርኩ፣ ይሄን ጉልበቴን ይዤ። ጭብጨባው ሲሰማ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ‹አሁን ሊያዩን ነው› ብለው ተነሡ። ለካ ለሻይ ነው የወጣችሁት።»

ልጅቷ የጋዋኗን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«ተይው ልጄ፣ ያምርብሻል። ለነርስነቱ እንጃ እንጂ ለሊቀመንበርነት ደርሰሻል።»

ለከሰዓቱ ስብሰባ የያዝኩትን የግምገማ ወረቀት ፊቱን ወደ ጭኔ ገለበጥኩት።