ሁለተኛውን አውሮፕላን ስለመጠበቅ የተሰጠ የምስክር ቃል

ምስክር፦ ጡረተኛ የአየር ትንበያ ባለሙያ፤ በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው «እትዬ ነጥብ» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 74
አድራሻ፦ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ያለው ሕንፃ፣ 3ኛ ፎቅ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

በመጀመሪያ በሕንፃችን የሚወራውን ላርም። ስለ እኔ «አብራሪዎችን በሬዲዮ ታናግራለች፣ እሑድ የተላተመውን አውሮፕላንም ያሳሳተችው እሷ ናት» መባሉ ሐሰት ነው። ያለኝ የሬዲዮ መቀበያ የአብራሪዎችን ንግግር ያሰማል እንጂ አያናግርም። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ በቤቴ የሰው ድምፅ የምሰማው በዚሁ መቀበያ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ 3፡40 አንድ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ፣ ሊያርፍ ሲል ከመሬት አምስት መቶ ሜትር ላይ ከፊቱ ይነፍስ የነበረው ነፋስ በድንገት ከኋላው እንደሆነበት ለመቆጣጠሪያ ማማው ሲናገር ሰማሁ። እንዲህ ያለው ነፋስ የሚያርፍ አውሮፕላንን ቁልቁል ይጥላል። 3፡44 ላይ ወደ ትንበያ ክፍሉ ደወልኩ። ያነሳው በእኔ እጅ የሠለጠነው ተረኛ ባለሙያ ነበር። ጡረታም አያሳርፍዎትም ወይ ብሎ ቀለደብኝ። ማስጠንቀቂያ ለምን እንዳላወጣ ጠየቅኩት።

«ሪፖርቱ ደርሶኛል፣ እትዬ። ግን የአንድ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው።»

«ማን ጠብቅ አለህ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

እውነቱን ነው። አውሮፕላን ከአየር ላይ የሚልከው የነፋስና የሙቀት ልኬት ወይም ሪፖርት በሌላ አውሮፕላን ካልተደገፈ ሥራ ላይ አይዋል ብዬ በትንበያ ክፍሉ መመሪያ ገጽ 12 የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሚልኩት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ መሣሪያቸውም ይሳሳት ነበር። ዛሬ መሣሪያው በየደቂቃው በራሱ ይልካል፤ መመሪያው ግን እንዳለ ቀረ። ሁለተኛ ልኬት መጠበቅ ለትንበያ ይሆናል፤ ለማስጠንቀቂያ አይሆንም። ይህን ልዩነት አልጻፍኩም።

በስልክም ልነግረው ይገባኝ ነበር። ቃሌን የሚያስታውስ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኝ «ጎበዝ» ብዬው ዘጋሁ። ቃሌን የሚቀበሉት መርማሪ «እማማ፣ ይህቺን ብንተዋትስ?» ቢሉኝም እንድትጻፍ ጠይቄያለሁ።

3፡56 ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን፣ መንገደኞች የጫነው፣ በዚያው ነፋስ ቁልቁል ተጥሎ ከመንደርደሪያው ጋር ተላትሞ አረፈ። የአንዲት የበረራ አስተናጋጅ ትከሻ ተሰበረ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ከሥራ ታግዷል፤ ነገ ከቀኑ 8 ሰዓት ጉዳዩ ይታያል፤ ሊባረር ይችላል። ከእሑድ ወዲህ መቀበያውን አልከፈትኩም።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ አንድ የሰዓት ስሕተት አርሜ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። የሚከተለውም ይያዝልኝ። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ገጽ 12ን አስመጥቼ በእጄ እሰርዛለሁ፤ አጠገቡም እፈርማለሁ። 8 ሰዓት ላይ ልጁ ሳይናገር በፊት እኔ እናገራለሁ። ከዚያ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ አስተናጋጇ ማን ነዎት ስትለኝ የምመልሰውን ገና አላገኘሁም።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________