ደመወዝ የሌለው ሥራ፦ ለጋላቢዋ ወይንሸት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሐዘንተኛው ወንድሟ አቶ ፊሊጶስ፣ የፍርድ ቤት ባልደረቦቿ፣ ከዲክሲስ ድረስ የመጣችሁ ጋላቢዎች፣ ሁላችንንም ፈጣሪ ያጽናን።

አብዲሳ እባላለሁ። የብቅል ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከወይንሸት ጋር ለዓመታት አብረን ጋልበናል። ቅዳሜ ስትወድቅም አጠገቧ ነበርኩ።

እንደ ሌላው ሰው አልቅሼ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ አቶ ፊሊጶስ «ያንን ፈረስ ከዓይኔ አጥፉልኝ። እህቴን የገደላት እሱ ነው» አሉ። ከኋላቸው የቆመ ሰው ደግሞ «የፍርድ ቤት ጸሐፊ ፈረስ ላይ ምን አወጣት?» አለ። ሁለቱንም ሰማሁ። አፈር ሳይጫናት መልስ መስጠት አለብኝ።

ፈረስ ላይ ምን አወጣት?

ከደብረ ብርሃን ተመድባ አሰላ ስትመጣ ፈረስ የምታውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። አንድ እሑድ ኦቦ ቱሳ ግልቢያ ወደሚያስተምሩበት ሜዳ መጣች። እሳቸው ይኸው እዚህ ቆመዋል። «ለመዝናናት ነው?» አሏት። «እንጃ፣ ልሞክረው» አለች። በዚያው ቀን ጭቃ ላይ ተዘረረች። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ተነሳች። ፊቷን እንኳ ሳትጠርግ «ምን አጠፋሁ?» አለቻቸው። «ፈረሱ ምን ሆነ?» አላለችም። «ልጓሙን አጥብቀሽ ያዝሽው» አሏት። ተመልሳ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ። ዝናብ ነው ብላ ቀረች? አልቀረችም። ውድድር የለም ብላ ሰነፈች? አልሰነፈችም። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። ዳማ የምትለውን ፈረሷን ታበላለች፣ ሰኮናውን ታያለች፣ ትጋልባለች፣ ከዚያ ቢሮ ትገባለች። «ለዚህ ሁሉ ማን ይከፍልሻል?» ስላት «ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራ ነው» ትለኝ ነበር።

አምና ዲክሲስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀችበት ውድድር ነው። ዳማን በአይሱዙ ጭነን ወሰድነው። ባልደረቦቿ ስሟ የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰው በሚኒባስ መጡ። ፈረሶቹ ተሰለፉ። ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። እሷ ግን ተንበርክካ የዳማን የፊት እግር ትዳስሳለች።

«አብዲ፣ ና ንካው» አለችኝ።

ነካሁት። ያተኩሳል። «ትንሽ ነው፣ ይችለዋል» አልኳት።

ስሟ እንደገና ተጠራ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «ፈራች» አለ። መጋለብ ፈልጋ ነበር፤ እዚያ ከነበርነው ሁሉ በላይ ፈልጋ ነበር። ኮርቻውን አወረደች። «እግሩን እያመመው ከወጣሁበት፣ እስከ ዛሬ ስጫወት ነው የኖርኩት» አለችኝ። ከዚያ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ገብታ አለቀሰች። «ፈራች» ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ፈርታ አልነበረም።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ። አቶ ፊሊጶስ፣ ይህን የምናገረው ለእርስዎ ነው።

ከልምምድ ወደ ከተማ እየተመለስን ነበር፣ ቀስ ብለን። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ጎማው ፈነዳ። የእኔ ፈረስ ባለበት ዞረ። ዳማ ወደ ፊት ፈረጠጠ። ፊት ለፊቱ ምን ነበር? መንገድ ዳር ድንች ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ።

መዝለል ትችል ነበር። አወዳደቁን ኦቦ ቱሳ አስተምረዋታል። ብትዘል እሷ ትተርፋለች። ፈረሱስ ማን ላይ ይወጣል?

አልዘለለችም። ልጓሙን በአንድ ወገን ስባ ከመንገዱ ወዲያ ወዳለው ባሕር ዛፍ መለሰችው። ሴቶቹ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዞረ። የመንገዱን ዳር ቦይ ሲዘል ግን እግሩ ከዳው። አብረው ወደቁ። እሷ ያረፈችው ድንጋይ ላይ ነው።

ሮጬ ደረስኩ። ዓይኗ ክፍት ነው። «ሰው ጎዳሁ?» አለችኝ። «ማንንም አልጎዳሽም» አልኳት። «የኮርቻው ጠፍርስ? አጥብቄው ነበር?» አለች። «አጥብቀሽው ነበር» አልኳት። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ከዋንዛው ሥር ጥቁር ነጠላ ለብሰው የቆሙትን እናት «ማን ናቸው?» እየተባባላችሁ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ይባላሉ። ከድንች ሻጮቹ አንዷ ናቸው። በእግራቸው ነው የመጡት።

አቶ ፊሊጶስ፣ ፈረስ ይደነግጣል። ዳማም ደነገጠ። እህትዎ ግን በዚያች ቅጽበት ሥራዋን ሠራች። ፈረሱን ይውደዱት አልልዎትም፤ የእርስዎን ሐዘን እኔ አልተሸከምኩትም። እስከ አርባዋ ብቻ ይተውልኝ። ከዚያ በኋላ «ሽጠው» ካሉኝ እሸጠዋለሁ።

እሺ ብለው ራስዎን ነቀነቁልኝ። አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ወይንሸት እህቴ፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ በረቱን የምከፍተው እኔ ነኝ። አንጀቴ እሺ ብሎኝ አይደለም። ግን ዳማ ይርበዋል። ሐዘኔ እስኪወጣልኝ አልጠብቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ እነሳለሁ።

ነጋቲ፣ ወይንሸት። በሰላም ግቢ።