በየካቲት የተዘራ ገብስ

ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ሸምገል ያሉ የአማርኛ፣ ሌላው ወጣት የእርሻ አስተማሪ።

«ጋሼ፣ የዚያችን ልጅ ጽሑፍ እርስዎ ነዎት ያረሙት?»

«አንተው አይደለህ የላክህብኝ? የታሪኩም የሳይንሱም ያንተም ተማሪ እኔ ደጃፍ ይሰለፋል። መጻፍ ማስተማር የኔ ብቻ ሥራ ነው?»

«አማርኛው የርስዎ ነው ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ አማርኛው ምን ሆነ?»

«አማርኛውማ አምሯል። ግን ‹አባቴ ገብሱን በየካቲት ዘራ› ያለችውን ‹በሰኔ ዘራ› አደረጉት። እኔ ጻፉ ያልኳቸው ስለ በልግ ነው፤ ሰኔማ የመኸር ነው። እንዳረሙት ገልብጣ አመጣችልኝ፣ ዜሮ ሰጠኋት።»

«እኔ ከአዲስ አበባ ገና መዛወሬ፤ ገብስ በየካቲት እንደሚዘራ በምን ላውቅ? እሷስ ለምን ዝም አለች?»

«ጠየቅኋት። ‹መምህሩ በቀይ የጻፉትን እንዴት እመልሳለሁ?› አለችኝ።»

«በል ዜሮውን ሰርዘው።»

«ሰርዣለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ግን እኔ ክፍል ይምጡና አብረን እናርም።»

«ገብሱንስ ማን ያስተምረኛል?»

«እሷው።»

እኔም ስለ መሬቴ ለክፍለ ሀገሩ የማቀርበውን፣ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አሳምሮ የጻፈልኝን ወረቀት ከደረት ኪሴ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ።