ወለል የሰበረ ወረቀት

ግባ ልጄ፣ ግባ ሂሳዮሺ! ጫማህን እዚያው ደጃፉ ላይ አውልቅና… ቀስ በል፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሂድ፤ መሀሉ አይረገጥም። እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ዝናቡስ ዘንድሮ ምን ነካው? የእህቴን ሩዝ ሳይታጨድ ነው የደረሰበት። በል፣ መሣሪያህን አስቀምጥና መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ፤ የተሰበረ ወለል የትም አይሄድም።

አንተን አናጢ ሆነህ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ባለቤቴ፣ የድሮ መምህርህም፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ ከማዶው የወረቀት በር ኋላ ነው ያለው፤ እያነበበ… ይመስለኛል። አትጥራው። ሰው ሲያነብ መረበሽ ነውር ነው፤ በዓመት አንዴ የሚገኝ ነገር!

ወለሉን ምን ሰበረው? ምስጥ ነዋ። መነጽር ያደረገ ምስጥ… አይ፣ ስቀልድ ነው! ምስጥ እንኳ የጀመረውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ይዘልቀዋል።

ይልቅ ስለ አንድ ሰውዬ ላጫውትህ። አታውቀውም። እዚሁ ሰፈር ነው፤ ጡረታ የወጣ፣ የተማረ፣ ጨዋ። መጠጥ አይቀምስ፣ ቁማር አያውቅ፣ ሴት ቀና ብሎ አያይ… ሚስቱ ናት የነገረችኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ እሷንም ቀና ብሎ አላያትም። ምን ጉድለት ይወጣለታል? ምንም! መጽሐፍ ብቻ ነው የሚወደው። ገዝቶ ሲመጣ ብታየው! ጉንጩ ቀልቶ፣ እንደ ሙሽራ አቅፎ፣ እየሳቀ ይገባል። ሙሽራይቱን ግን… መሸፈኛዋን አይገልጥም። ይህን ያህል ትዕግሥት ማን አለው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚያ ቤት መጽሐፍ በእግሩ ይገባል፤ መውጣቱን ነው ያልለመደ።

ታዲያ የዚህ ሰውዬ ልጅ… እስቲ ሚናኮ እንበላት… የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ እንደ ደንቡ እናቷ ቤት ወልዳ ልትታረስ መጣች። ስድስት የታታሚ ምንጣፍ የሚነጠፍበትን ክፍል አስለቅቅላት ተባለ። አባትየው እንባው መጣ። “ለልጄ? ዛሬውኑ!” አለ። ገባ፤ የመጀመሪያውን ክምር አነሳ። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? አሥር ቅጽ ካለው ታሪክ ሰባተኛው የለም! ጎደሎ ነገር እያዩ ማን ዝም ይላል? በባቡር ወደ ካንዳ፣ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ መንገድ በረረ። ክፍል ሊያስለቅቅ የገባ ሰው አሥራ አራት መጽሐፍ ተሸክሞ ተመለሰ። ሰባተኛው ቅጽ ግን የለበትም፤ ረስቶት! ከአሥራ አራቱ አንዱ ስለ ምን መሰለህ? ቤት ውስጥ ዕቃ ስለ መቀነስ! ያውም ሁለተኛ ቅጂው ነው፤ የመጀመሪያው ከክምሩ ስር ነበር።

ሳል ሰማህ? ድመቷ ናት። ድመት የላችሁም አልክ? እንግዲያው የጎረቤት ትሆናለች።

የት ደረስኩ… አዎ፣ ምጡ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጣ። እናትየው ልጇን በታክሲ ይዛ ሮጠች። አባትየው የሕፃኗን ልብስ በሻንጣ ይዞ በባቡር እንዲከተል ተነገረው። አንድ ሻንጣ ነው፤ ምን ይከብዳል? ባቡር የሚቀየረው ግን የት ቢሆን ደግ ነው? ካንዳ! “ለአምስት ደቂቃ” ብሎ ወረደ። ሕፃኗ ከተወለደች ሦስት ሰዓት ሆኗት፣ በሩ ተከፈተና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ… ደገፍ፣ ደገፍ እያደረገ። አዋላጇ ክው አለች። “ይሄኛው ደግሞ የማን ነው?” አለች። የልብሱ ሻንጣ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ቀርቷል! ሕፃኗ በሐኪም ቤት ፎጣ ተጠቅልላለች። “በል እቀፋት፣ የልጅ ልጅህ ናት” ቢሉት… እጁ በመጽሐፍ ሞልቷል። ሚናኮ ሳቀች። ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች፤ እናቷም ሳቀች፤ አዋላጇም ሳቀች። ከዚያ ልጄ… ልጅቷ ማለቴ ነው… ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ሲገቡ ግን ክፍሉ ተለቋል! እንዲህ ነው አባት! ክምሩን በሙሉ ወደ ጎን ክፍል አዛውሮታል፤ ከአራሷ መኝታ የሚለየው አንድ የወረቀት በር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ወረቀት ቢያብርስ? በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሚናኮ ሕፃኗን ልታጥባት ይዛት ወጣ እንዳለች… ጓ! ወለሉ ተደረመሰ። መጽሐፉ በሩን በርቅሶ ጎረፈና የሕፃኗን ፍራሽ ዋጠው። ቆፍሬ ሳወጣው ገና ሞቅ ይላል… ሚስቱ ናት ቆፍራ ያወጣችው። ሰውዬውስ? ከጉድጓዱ ውስጥ አቧራ ለብሶ ብቅ አለ፤ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ በርቶ። “ሰባተኛው ቅጽ! ለካ እቤት ነበር!”

ሳቅ እንጂ! እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅ ነበር። ሚናኮ ግን በዚያው ቀን ሕፃኗን አቅፋ አማቷ ቤት ገባች።

አላፈረም እንዳትል፤ አፍሯል! ራሱ ስልክ አንስቶ ገዢ ጠራ። ትናንት ሃያ ካርቶን ጫኑለት። መኪናው ሲነሳ እጁን እያውለበለበ አለቀሰ፤ ልጁ ስትሄድ ያላለቀሰውን። ይሁን፣ ዋናው መሸጡ ነው! ሚስቱ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለልጇ ደወለችና “ነይ፣ ቤቱ ቤት ሆኗል” አለቻት። ልጅቷም “እሺ፣ እሑድ” አለች። ዛሬ ጧት ሰውዬው እግሬን ላፍታታ ብሎ ወጣ ብሎ ነበር… ጤና ነው፣ ማን ይከለክላል? ደግሞ ሳልረሳው፣ ትናንት ከላክኸው ጣውላ ስር የተሸጎጠችውን ሰማያዊ ከረጢት ፈቀቅ አድርግልኝ። ትከብዳለች አይደል? ያንተ አይደለችም? የእኔም አይደለችም። እንግዲህ ልጅቷ እሑድ መጥታ ስታያት የማን እንደሆነች ትነግረናለች።

አይ፣ ሰው ማማትስ አልወድም። እንዲህ ያለውን ሰው መመረቅ ነው። ድምፄን ከፍ ባደርግ አትቀየመኝ፤ ምርቃት በሹክሹክታ አይያዝም። ቡድሃ ረጅም ዕድሜ ይስጠው! ዐይኑን እንዲሁ እንደ አዲስ፣ ሳይነካ ያቆይለት። የልጅ ልጁ ትደግለት፣ ፊደል ትቁጠርለት። አያቴ ማነው ብላ ፈልጋ ትምጣና፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ታንብብለት… እሱም በዚህ ሁሉ ዓመት እቤቱ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደነበረም፣ ከሕፃን አፍ ሰምቶ ለመሞት ያብቃው።